ባለ አርባ እግሩ አደራ

ናዝሬት፣ መጋቢት 4 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለመምህሬ ለጋሼ ገብረወልድ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እትዬ ሮማነወርቅስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ልጅዎ ሙሉብርሃንስ? አሰላ ባለው አድራሻው ሁለት ደብዳቤ ላክሁለት፤ አልመለሰልኝም። ኮርቶብኝ ከሆነ፣ በሥልጠናው ጊዜ አብረን የተኛንበትን አልጋና ትኋኑን ሰንበታ አልረሳም ብለው ይንገሩልኝ።

«እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ስል ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ሪፖርት ስንጽፍ «በመጀመሪያው መስመር ከዋሸህ እስከ መጨረሻው መዋሸትህ ነው» ይሉን ነበር። ስለዚህ ደህና አይደለሁም።

በሾፌሩ በኑሬ በኩል «ለምን ጠፋህ? ማሽኑስ ይሠራል?» ብለው ላስጠየቁኝ መልሱ እንዲህ ነው። ማሽኑ ይሠራል። የጠፋሁት አፍሬ ነው። ያ እርስዎ ዘንድ ሦስት ወር ሠልጥኜ በጭነት መኪና፣ በፍራሽ ጠቅልዬ ያመጣሁት ኮምፒዩተር አርጅቷል። ሥራው አንድ ነው፦ የመቂ እርሻዎች ውሃ በየተራ የሚደርሳቸውን የዓመቱን ሠንጠረዥ ማውጣት። ሽንኩርቱ መቼ፣ ቲማቲሙ መቼ፣ የትኛው ፓምፕ ስንት ሰዓት። ይህን አስልቶ ለመጨረስ ሠላሳ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። የከተማችን መብራት ደግሞ ከሃያ አምስት ሰዓት በላይ ሳይቋረጥ በርቶ አያውቅም። ፕሮግራሙን የጻፈው የውጭ ባለሙያ አገሩ ገብቷል፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ከጥር ወዲህ አሥራ አራት ጊዜ ጀምሬያለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ጠፋብኝ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ጋሼ። ምን ይደበቃል።

ኃላፊያችን ጓድ ተክለሃይማኖት «እስከ ሰኔ ሠላሳ ሠንጠረዡ ካልወጣ ማሽኑን ወደ አዲስ አበባ፣ አንተን ወደ ቀበሌህ እመልሳለሁ» ብሎኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም ከበላይ ይጠየቃል። ግን ወደ ቀበሌ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ኪሴ ውስጥ ያለችው «ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሰው ስለሌለ ከብሔራዊ ውትድርና ይቆይልን» የምትለው ወረቀት የምትሠራው ማሽኑ እዚህ እስካለ ድረስ ነው። ቀበሌያችን ኮታ አለበት። ከእኛ መንደር ከገና ወዲህ አምስት ልጆች ወደ ሰሜን ሄደዋል። ደብዳቤ የመጣው ከአንዱ ነው፤ እሱንም የጻፈለት ሌላ ሰው ነው።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅ። በአንድ የቆየ መጽሔት ላይ እንዳየሁት፣ የእኔ ማሽን ፕሮሰሰር፣ ያ የሚያሰላው ቁራጭ፣ ሲወጣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው በአርባ የብረት እግሩ የሚገባ ፈጣን ፕሮሰሰር አለ። ልቀይረው ወይስ አልንካው? ካልቀየርኩ መሄዴ ነው። ቀይሬ ካቃጠልኩት ደግሞ «አሻጥር» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ውትድርናውም ይናፍቀኛል።

ይምከሩኝ። ለእናቴ ለሽታዬ እኔ ብቻ ነኝ።

ልጅዎ ሰንበታ ቀነዓ

*

አዲስ አበባ፣ መጋቢት 13 ቀን 1982

ልጄ ሰንበታ፣

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለእናትህ። እትዬህ ጉልበቷን ትንሽ ተሻላት፤ ቤት ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ሙሉብርሃን ደህና ነው። ስለ እሱ በሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ስለ ማሽኑ፦ በጽሕፈት መኪና ጀምሬ፣ በሒሳብ መኪና አልፌ እዚህ የደረስኩት የሚሠራን ነገር ባለመንካት ነው። አንተ የጠቀስኸው ፕሮሰሰር አለ፤ አውቀዋለሁ። ሠላሳ አንዱን ሰዓት ሃያ ሁለት ቢያደርግልህ ነው፤ ያውም ሁሉ ከቀናህ። እግሩ ቀጭን ነው፤ አንዷ ብትሰበር አበቃ። አገባቡ ከተገለበጠ ሁለቱም ይቃጠላሉ። ደረቅ እጅ የሚይዘው ኤሌክትሪክ ብቻውን ይገድለዋል። ከዚህም በላይ የመንግሥት ንብረት ነው። ስለዚህ አትንካው። ጓድ ተክለሃይማኖትን ጄኔሬተር ለምነው። መብራት በደንብ የሚቆይበትን ቀን አጥና። ትዕግሥት…

መጋቢት 17

ከላይ የጻፍኩትን አራት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ሰነበትኩ። ልቀደው ነበር፤ ግን አንተ እንድታየው ተውኩት። ያን የጻፈው ሰው ሽማግሌና ፈሪ ነው። አትስማው።

ፕሮሰሰሩን እልክልሃለሁ። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቀኝ። በኑሬ እጅ፣ እትዬህ ለእናትህ በምትልከው በሶ ውስጥ ይመጣል፤ በጥቁር ስፖንጅ ላይ ተተክቷል። ከስፖንጁ እንዳታወጣው፤ እኔ አገባቡን ጽፌ እስክልክልህ ጠብቅ። ኬላ ላይ ቢጠየቅ ኑሬ አያውቅም፤ አንተም አታውቅም።

ገብረወልድ

*

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1982

ለጋሼ ገብረወልድ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ዘግይቼ ነው፤ ይቅርታ። በዓሉን በዓል አላልኩትም።

«ደረሰህ ወይ?» ብለው በላኩት ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠየቁኝ መልስ ለመስጠት ብዕር ካነሳሁ ሳምንት ሆነኝ። አልደረሰኝም፣ ጋሼ። በሶው ደርሷል። በሶውን አንድ በአንድ በወንፊት ነፍቼዋለሁ፤ ከገብስና ከጨው በቀር ምንም የለበትም።

ኑሬን ሞጆ ድረስ ሄጄ ከመኪናው ሥር አወጣሁት። አንድ ክፉ ቃል ተናግሬዋለሁ፣ እንዳይጠይቁኝ። እሱም «በአላህ ስም! በዚህ በእጄ ለእናትህ ነው የሰጠኋት! ጋሼ ‹ልጁን ከመሄድ የሚያድነው ይሄ ነው፣ ማንም እንዳይነካው› ብለው ነው የሰጡኝ፤ እኔም እንደዚያው ብዬ ነው የሰጠኋት» አለኝ። እንባ በዓይኑ ሞልቶ ነበር። እናቴን ጠየቅኋት። «በሶ ነው የመጣው፤ በሶውን በላህ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እናቴ ዋሽታ አታውቅም። ስለዚህ የዋሸው ኑሬ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ወይም ኬላ ላይ ወስደውት መናገር ፈርቷል።

በሰሙነ ሕማማት ቀበሌ ጠርቶኝ ነበር። ወረቀቴን አይተው መለሱልኝ፤ ግን ሊቀመንበሩ የሰኔ ሠላሳን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከበበበት። ሃያ ሁለተኛ ጊዜ ጀምሬ ሃያ ሁለተኛ ጊዜ ጠፍቶብኛል። ምግብ አይበላልኝም። ኮቴን ለብሼ እተኛለሁ፤ ድንገት ከመጡ በስስ ልብስ እንዳልሄድ ብዬ ነው። በናዝሬት ሙቀት! ይሳቁብኝ፣ እኔም እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት።

ሌላ ይገኛል ወይ ብዬ አልጠይቅዎትም። እንደማይገኝ አውቃለሁ። ሙሉብርሃን አሁንም ዝም ብሎኛል።

ሰንበታ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 3 ቀን 1982

ሰንበታ፣

ኑሬን ይቅርታ ጠይቀው። ያ ሰው አሥራ አምስት ዓመት አደራዬን ሲያመላልስልኝ አንድ ምስማር ጎድሎብኝ አያውቅም። ቤታችሁን እንደገና ፈትሽ።

ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቀኝ ብዬህ ነበር፤ አሁን ግን ማወቅ አለብህ። መጋዘናችን ውስጥ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ያልተመደበ አዲስ ማሽን አለ። ከእሱ ነው ያወጣሁት፤ በውሰት። ዓመታዊው የንብረት ቆጠራ ሰኔ 20 ነው። በዚያን ቀን የየማሽኑ ክዳን ተከፍቶ በፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ቁጥር ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፤ ያንተን አሮጌውን ብተካበት አያልፍም። ሐሳቤ አንተ በሁለት ሳምንት ሠንጠረዥህን አውጥተህ እንድትመልስልኝ ነበር።

ይህን የጻፍኩት ላስፈራራህ አይደለም። ፈልገው። የመጋዘኑ ቁልፍ የእኔ ነው፤ የምጠየቀውም እኔው ነኝ።

ገብረወልድ

*

ናዝሬት፣ ሰኔ 7 ቀን 1982

ጋሼ፣

ተገኘ! ሰላምታ ሳልሰጥ ስለጀመርኩ ይቅር ይበሉኝ። ተገኘ፤ ግን እንዴት እንደተገኘ ስጽፍልዎት ልሳቅ ወይስ ላልቅስ አላውቅም።

ትላንት ጓድ ተክለሃይማኖት የማሽኑን የጉዞ ወረቀት አዘጋጅቶ አሳየኝ። ቀኑ ብቻ ነው ያልተሞላው። ቤት ገብቼ እናቴን «እንግዲህ ስንቅ አዘጋጂልኝ፤ ወር አይሞላም» አልኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ ባቄላ ትለቅም ነበር፤ መልቀሟንም አላቆመች። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አትሄድም» አለችኝ።

«እንዴት አልሄድም?»

«የጋሼ መድኃኒት ላይህ ላይ አለ።»

ተነሥታ ኮቴን አወለቀችልኝ። በግራ ብብቴ ሥር ገበሩን በምላጭ ቀደደችው። ውስጡ በቆዳ የተለበጠ ክታብ አለ። ክታቡን ስትፈታው፣ ጋሼ፣ ፕሮሰሰሩ!

ኑሬ «ልጁን ከመሄድ የሚያድነው ይሄ ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ሲሰጣት ገልጣ አየችው። ጥቁር ነው፣ ላዩ ላይ የማይነበብ ጽሕፈት አለበት፣ እግሮቹ እንደ ብር ያበራሉ። ጋሼ ገብረወልድ የተማረ ሰው ነው፣ ከትልቅ ደብተራ ዘንድ አስጽፎልኝ ነው አለች። ስፖንጁን ጣለችው። እግሮቹ እንዳይወጉኝ ብላ አርባውንም በማንኪያ ጀርባ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አጠፈቻቸው። ቆዳ ሰፊ ዘንድ ወስዳ አስለበጠችው። ለእኔ ያልነገረችኝ ክታብ ለባለቤቱ ከተነገረ ይረክሳል ብላ ነው። «ዋሸሁህ፣ እግዜር ያውቅልኛል» አለችኝ። እኔ ከሞጆ እስከ ናዝሬት ስፈልገው፣ ኑሬን ሌባ ስለው፣ ከለበስኩት ኮት ውስጥ ነበር። ለብሼው ነው የተኛሁት!

ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳይ ዘጋሁት። ሁለት ወር ተኩል እያንዳንዱን ሌሊት እንቅልፍ ወስዷት እንደነበር አሁን ገባኝ፤ እኔ ነኝ ያልተኛሁት።

እግሮቹን በወረንጦ መለስኳቸው። ሠላሳ ዘጠኙ ተቃኑ፤ አርባኛዋ ተቆረጠች። አንጥረኛው ራህመቶ ከጉትቻ የተረፈች የብር ክር በጋለ መርፌ ጫፍ ለጠፈልኝ። በማጉያ መነጽር እያየ «ለማን ሙሽራ ነው?» አለኝ። እግሯ ቆማለች። ውስጡ ይሙት ይዳን ግን ማሽኑ ውስጥ ሳይገባ አይታወቅም።

አሁን የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ። ቆጠራው ሰኔ 20 ነው፤ ዛሬ ሰኔ 7 ነው። በኑሬ እጅ ይመለስ ካሉኝ ነገውኑ እመልሰዋለሁ፣ የእኔም ዕድል ይሁን። እኔን ለማዳን ብለው እርስዎ አይጥፉብኝ። ይህን ከልቤ ነው የምልዎት፤ ልቤ ግን «ሥራበት ቢሉኝ» እያለ እየለመነ ነው። ሁለቱንም ልንገርዎት ብዬ ነው።

ሰንበታ

*

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 12 ቀን 1982

ልጄ ሰንበታ፣

ለእናትህ ለወይዘሮ ሽታዬ እጅ ንሣልኝ። በአርባ ዓመት ሥራዬ ዕቃ እንደ እሷ አድርጎ የጠበቀልኝ መጋዘን ኃላፊ የለም።

ቆጠራው ወደ ነሐሴ ተላልፏል። አትቸኩል፤ ተረጋግተህ ሥራ። የችኮላ እጅ ነው የሚያበላሸው።

አገባቡ፦ መጀመሪያ ገመዱን ከግድግዳው ንቀል። በባዶ እጅህ የማሽኑን ብረት ነካ አድርግ፤ ፕሮሰሰሩን ከመያዝህ በፊት ሁልጊዜ። ራሱ ላይ እንደ ጨረቃ የተቆረሰች ምልክት አለች፤ የአሮጌው ምልክት በዞረበት በኩል ትዙር። በሁለት አውራ ጣት፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ እኩል ተጫነው። የብሯን እግር መጨረሻ ላይ እያት። አሮጌውን እንዳትጥል።

በኑሬ አንድ ሹራብ ልኬልሃለሁ። ለሙሉብርሃን የተሠራ ነበር፤ አሁን አይሆነውም። ላንተ ይበቃሃል፤ ቁመታችሁ አንድ ነው።

ስትጨርስ ጻፍልኝ። መጨረስህን ብቻ።

ገብረወልድ

*

ናዝሬት፣ ሰኔ 18 ቀን 1982

ለጋሼ ገብረወልድ፣ ለእትዬ ሮማነወርቅ፣ ለሙሉብርሃንም (ኩሩው!)፣

ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገመዱን ሰካሁ። ከዚያ በፊት እንዳሉኝ ብረቱን ነክቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ተጭኜው ነበር። ማሽኑ ለትንሽ ጊዜ ጨለማ ሆኖ ቆየ። ያቺን ጊዜ አልነግርዎትም። ከዚያ ፊደሎቹ መጡ። እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ልክ በሃያ ሁለተኛው ሰዓት፣ የመጨረሻው ፓምፕ ቁጥር ወጣ። እርስዎ ሃያ ሁለት ብለውኝ ነበር፤ ቃልዎ አንድ ደቂቃ አላጎደለም። አትሞ ከጨረሰ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መብራት ሄደ። ይሂድ! የፈለገበት ይሂድ!

ዛሬ ጠዋት ሠንጠረዡን ለጓድ ተክለሃይማኖት አስረከብኩ። ሠላሳ ሁለት ገጽ ነው። ቆሞ ተቀበለኝ። የማሽኑን የጉዞ ወረቀት ፊት ለፊቴ ቀደደው፤ ለቀበሌውም እስከ መጪው ሰኔ እንድቆይ ጻፈልኝ። እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ገልብጣ አየችውና «ማኅተሙ ያምራል» አለች። እሷ እንደሆነ ማሽን አያድንም ባይ ናት፤ የዳንኩት በክታቡ ነው።

ፕሮሰሰሩን ዛሬውኑ በአውቶቡስ ይዤልዎት ልመጣ ነበር። ነገር ግን ጓድ ተክለሃይማኖት ደስ ሲለው ጊዜ «የዝዋይንም ሥራልን» አለኝ። ቆጠራው ነሐሴ ነው ስላሉኝ ሁለት ሳምንት ልሥራበትና ኑሬ ሲመጣ እሰጠዋለሁ። እንደማይቆጡኝ ተስፋ አለኝ።

ሹራቡ ልክ ሆነኝ። በዚህ ሙቀት ግን ማን ይለብሰዋል? ወፍራም ነው፤ ለበረዶ አገር የተሠራ ይመስላል። ሙሉብርሃን ምን ያህል ቢወፍር ነው የማይሆነው?

በዕድሜ ይሰንብቱልኝ፣ አባቴ።

ሰንበታ

*

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1982

ይድረስ ለሰንበታ ቀነዓ።

እኔ ሮማነወርቅ ነኝ። የእጄ ጽሑፍ አያምርም። በመሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፤ ደብዳቤ ስጽፍም የመጀመሪያዬ ነው። ተቸግረህ አንብበው።

እናትህ ደህና ናት? አንተስ?

ሰኔ 18 የጻፍከውን ጋሼህ አላነበበውም። ሰኔ 21 ወሰዱት። ቆጠራው አልተላለፈም ነበር። ቆጠራው በቀኑ ነው የተደረገው። ለሰንበታ እውነቱን ብነግረው ሳይሠራበት ይመልሰዋል፣ አውቀዋለሁ አለኝ። እኔ ዝም አልኩ።

ስለ ልጄ ትጠይቅ ነበር። ጋሼህ መጻፍ አልቻለም። እኔ ልጻፍልህ። ሙሉብርሃን አሰላ እንዳንተው ዓይነት ማሽን ነበር የሚሠራበት። አምና በሰኔ ላባቱ ደብዳቤ ጻፈ። ማሽኑ ዘገየ፣ ሊመልሱት ነው፣ ፕሮሰሰር ፈልግልኝ አለው። አባቱም የመንግሥት ንብረት ነው፣ የሚሠራን ነገር አትንካ፣ ታገሥ ብሎ መለሰለት። ማሽኑን ጳጉሜን ላይ መለሱት። ልጄን ጥቅምት ላይ ወሰዱት። ሹራቡን ለሰሜን ብርድ ብዬ ነው የሠራሁት። ሳልልክለት በየካቲት መርዶው መጣ። ያንተ የመጋቢቱ ደብዳቤ የደረሰው ለቅሶ ደራሽ ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። ጋሼህ አንብቦ ሰጠኝ። ቃሉ እንኳ አንድ ነው ሮማን፣ ቃሉ እንኳ አንድ ነው አለኝ። መጀመሪያ እንደ ልጄ ጊዜ አድርጎ መለሰልህ። ከዚያ አራት ቀን አልበላም።

አሁን የምጽፍልህን ልብ ብለህ ስማ። ፕሮሰሰሩን እንዳትልከው። ጋሼህ ስሞክረው ተቃጠለብኝ፣ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት ብሎ ፈርሟል። ከተመለሰ ውሸታም ይሆናል፤ ለማን እንደሰጠው ይጠየቃል፤ ካንተ ይደርሳሉ። እንደፈረመው ከሆነ በቸልተኝነት ሁለት ዓመት ነው ይላሉ። ዕድሜው ስልሳ ሦስት ነው። እኔ ልጠየቅ ብለህ እንዳትመጣ። አንዱን ልጅ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛውን ይዘህብኝ እንዳትመጣ።

እስር ቤት ስንቅ ሳቀብል በአጥር በኩል ያየኛል። ለመነጋገር ጊዜ አይሰጡም። ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ። ሰንበታ ጻፈ? ይለኛል። ደብዳቤህ እሱ ከተወሰደ በኋላ ስለመጣ፣ የማነበው ደግሞ ቀስ ብዬ ስለሆነ፣ እስከ ባለፈው እሑድ ገና ነው እለው ነበር።

ሮማነወርቅ

*

ናዝሬት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1982

ለእናቴ ለእትዬ ሮማነወርቅ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት ለማለት አምስት ወር ዘገየሁ። በየደብዳቤው ሙሉብርሃንን «ኩሩ» እያልኩ ስቀልድ እርስዎ እያነበቡ ነበር። እንዴት ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ? ትላንትና ዛሬ ፊደል አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ኑሬ ደብዳቤዎን ይዞ የመጣው ፕሮሰሰሩን ሊቀበለኝ በመጣበት ሰዓት ነው። በጥጥ ጠቅልዬ በክብሪት ቤት ውስጥ አድርጌ በእጄ ይዤው ነበር። ቆሜ አነበብኩ። ኑሬ «ስጠኝ እንጂ፣ መኪናው ቆሟል» አለኝ። የምሰጠው ነገር እንደሌለ ነገርኩት። ደብዳቤውን አነበብኩለት፤ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

አንድ ነገር ልናገር፤ ለእርስዎ ካልተናገርኩ ያንቀኛል። ሥራውን እሑድ እኩለ ቀን ላይ ጨርሼ ነበር። ቆጠራው ረቡዕ ነበር። እውነቱን ባውቅ ኖሮ ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ይዤው እመጣ ነበር፤ ማክሰኞ ቦታው ይገባ ነበር። ሁለት ሙሉ ቀን ነበረን! እኔ ግን የዝዋይን ሠንጠረዥ ስሠራ፣ ስፎክር፣ ስለ ሹራብ ስቀልድ ነበር። ጋሼ እንዳልመልሰው ፈርተው ዋሹኝ፤ እናቴ እንዳይረክስ ፈርታ ዋሸችኝ። በሁለቱም አልፈርድም። የምፈርደው በሰኞ ነው፤ ሰኞ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር።

እንዳልመጣ አዘዙኝ። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ትእዛዝዎን የጠበቅሁት ስለፈራሁ ነው ወይስ ስለሰማሁዎት፣ እውነቱን ለራሴም አላውቀውም።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሙሉብርሃንን ነገርኳት፣ ጋሼን ነገርኳት። እንዳትጮህ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ተነሣችና የክብሪቱን ቤት ከእጄ ወሰደችው። ያንን ቆዳ አልጣለችውም ነበር፤ ከሣጥኗ አወጣችው። እግሮቹን ግን በዚህ ጊዜ አላጠፈቻቸውም። በጥጥ ሸፍና፣ የብሯን እግር በጣቷ ዳብሳ፣ መልሳ ሰፋችው።

«አሁን እኮ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ» አልኳት። «ይረክሳል ትዪ አልነበር?»

«ይህ አይረክስም» አለችኝ። «ሰው ተከፍሎበታል።»

ፕሮሰሰር መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ክታብ መሆኑን እሷ ታውቃለች። ከእንግዲህ አልከራከራትም። ልመልሰው አልችል፣ ልጥለው አልችል። በኮቴ ገበር ውስጥ፣ በግራዬ በኩል ነው። ከላዩ የሙሉብርሃንን ሹራብ ደርቤ ነው ይህን የምጽፍልዎት። ይሞቃል፤ አላወልቀውም።

እሑድ ስንቅ ሲያቀብሉ ጋሼ በአጥሩ በኩል ከጠየቁዎት፣ ሌላ ምንም አይበሏቸው። ሰንበታ ጻፈ ይበሏቸው።

ልጅዎ ሰንበታ